የይመር ፌሮ

ጽሕፈቴ ወልጋዳ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ አሶሳ አጠገብ ሰፈራ ጣቢያው ሣር ቤት ውስጥ ነው። ልጄ ዘሀራ መምህርት ናት። «አባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፈው» አለችኝ። እምቢ አልኳት። እሷ አሳምራ ነው የምትጽፈው፤ እኔ ደግሞ እንዲያምር ሳይሆን እንዲታወቅ ነው የምፈልገው። ፊደሉን አርሚ፣ ነገሩን ግን አትንኪው ብያት ተስማምተናል።

ይመር እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መካኒክ ነበርኩ። ከመኪና ዕቃ ሁሉ መሪ እወዳለሁ። ሌላው መካኒክ ዓይኑ የሚበራው ሞተር ሲያይ ነው። ሞተር እኔን አይገርመኝም። ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፣ ሹፌሩ ወርዶ ይሳደባል፣ በቃ። መሪ ሲበላሽ ግን መኪናው መሄዱን አይተውም። የተጋጨ መኪና ጋራዥ ሲገባና ሥሩ ገብቼ መሪውን ልፈትሽ ስል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነበር የምሆነው።

ጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረው በሽር የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ታሰረ። በባምባሲ መንገድ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጠመዝማዛው ላይ ከመንገድ ወጥቶ የድልድይ ድንጋይ ገጭቷል። ከድንጋዩ አጠገብ ማንጎ ትሸጥ የነበረች ሐዋ የምትባል ሴት እግሯ ተሰበረ። ከመኪናው ሥር፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው የመሪ ዘንግ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ዘንጉ ተሰብሮ ነው መኪናው የገጨው፣ ወይስ መኪናው ገጭቶ ነው ዘንጉ የተሰበረው? ፊተኛው ከሆነ በሽር ይፈታል። ኋለኛው ከሆነ በሽር በፍጥነት ነድቶ ሰው የጎዳ ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል፣ እሱም ወህኒ ይወርዳል።

ያን እንድመልስ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መለስኩትም። ግን የአስተማሪዬን ነገር ሳልነግራችሁ ብቀጥል ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም።

ከወሎ ስመጣ ጎረምሳ ነበርኩ። ድርቁ ነው ያመጣን። ሰፈራ ጣቢያው ትራክተሮች ነበሩት፤ ትራክተሮቹን የሚጠግን ጋራዥ ነበረ፤ ጋራዡን የያዘው ደግሞ ኡስታ ረመዳን ነበር። የበርታ ሰው ነው። ሙያውን የተማረው ሱዳን፣ ደማዚን ነው። ኡስታ ማለት በነሱ የእጅ ሙያ ጌታ ማለት ነው፤ የሞተ ጊዜ እንኳ ረመዳን ብሎ ብቻውን የጠራው ሰው አልሰማሁም። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንተ ወሎዬ» ነበር የሚለኝ።

የተጋጨ መኪና ሲመጣ ኡስታ መፍቻ አያነሳም። ሻይ የሚቀርብበትን ትሪ ያነሳል። ሹፌሩን በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና ትሪውን ያስይዘዋል፤ «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንዳልኝ» ይለዋል። አፍ ይዋሻል፣ እጅ ግን ያደረገውን አይረሳም ነበር የሚለው። ትልልቅ ሹፌሮች ትሪ ይዘው ሲያዞሩ ሰው ይስቅ ነበር። ኡስታ አይስቅም። እጃቸውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የቱ ጋ እንደከበደ፣ የቱ ጋ እንደቀለለ፣ መቼ እንደዘገየ።

ከዚያ ወደ መኪናው ይሄዳል። ማንም እንዳያጥበው ያዛል፤ አቧራ ምስክር ነው፣ የተነካካ ዕቃ አቧራው ይሰነጠቃል። የመሪው ክብ ላይ ቀይ ክር ያስርና በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። እኔ ውጭ ሆኜ ጎማውን እመለከታለሁ። ጎማው ሲነሳ «ተነሳ» እላለሁ። ክሩ ከሁለት ጣት በላይ ሄዶ ከሆነ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ ማለት ነው። ክፍተቱ የት እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን በክሪክ ያነሳና ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ይነቀንቃል፤ ከተጫወተ ጥፋቱ የመሪ ነው። ላይና ታች ይዞ ሲነቀንቅ ከተጫወተ ደግሞ የኩሽኔታ ነው። ከዚያ እኔን መሪው ላይ ያስቀምጠኝና ሥሩ ይገባል። እኔ ሳዞር እሱ በየመጋጠሚያው ላይ ሁለት ጣት ያሳርፋል። ዓይን የተንቀሳቀሰውን ነው የምታየው፣ ጣት ግን ሊንቀሳቀስ ያሰበውንም ያውቃል ይል ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ የሚጀምረው ካልተመታው ወገን ነው። መኪናው በቀኝ ከተገጨ ግራውን ያያል። በቀኝ የገባ ምት በግራ ነው የሚወጣው።

አንድ ሕግ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። «መሪና ፍሬን ላይ እሳት ሐራም ነው።» የታጠፈ ዘንግ በእሳት አግሎ ማቅናት፣ የተሰነጠቀ መበየድ፣ አይሆንም። ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። እኔ ጀማሪ ሆኜ አንድ የትራክተር ዘንግ አግዬ እንደ እርሳስ አቅንቼ አሳየሁት። ምን ያህል ቀጥ እንዳለ እያደነቀ ወሰደው። ወደ መጸዳጃው ሄደና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው። «አሁን ማንም አያወጣውም» አለኝ፤ ተመልሶም ሥራውን ቀጠለ።

ከሱ ጋር ዓመታት ሠራሁ። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩና ወደ መተከል ተላክሁ። መጀመሪያ ማንቡክ፤ ኃላፊያችን የዋህ ሰው ነበር፣ መፍቻ በጠፋ ቁጥር ራሱን የሚጠረጥር። ከዚያ ገነተ ማርያም፤ እዚያ ያለው ኃላፊ ደግሞ ለአንድ ዳዶ ሦስት ቅጽ ያስሞላ ነበር፤ ፊደል ያጠበቅሁት በሱ ቅጽ ነው። ደመወዙ ያው ነው፣ አይነሳ። በመጨረሻ ማንኩሽ ደረስኩ። ስሜ የገነነው እዚያ ነው። የተበላሸውም እዚያ ነው።

የማንኩሽን ሙቀት የማያውቅ ይጠይቅ። ብረት በቀን ባዶ እጅ አይያዝም። መንገዱ በዚያን ጊዜ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ የመሪ ዘንግ እየመታ ያጎብጣል። የጎበጠ ዘንግ ይዞ የሚመጣ መኪና በየሳምንቱ ነው። አዲስ ዘንግ ጠይቀን እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ሹፌሮቹ ይለምኑኛል፤ ጭነታቸው ይበላሻል፣ ቤተሰባቸው ይጠብቃል። ታዲያ አንድ ቀን ቤት ሲሠራ የተረፈ ፌሮ አየሁ፤ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀበረው ዘንግ ብረት። ቆረጥኩት፣ በመሪው ዘንግ ርዝመት አስጠጋሁት፣ ሁለቱን ጫፍ በየድኩት። ዘንጉ ደንዳና ሆነ። ድንጋይ መታው፣ አልጎበጠም። ደግሞ መታው፣ አልጎበጠም።

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም። ሹፌሮች ከሩቅ ይመጡ ጀመር። ስም አወጡለት፤ «የይመር ፌሮ» አሉት። ሁለት ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ይመር አስሮልሃል?» ይባባሉ ነበር። ሌሎች በያጆችም አይተው ያስሩ ጀመር። እኔም ገና ያልጎበጠውን ሁሉ «ለማንኛውም» እያልኩ አሰርኩ።

ወሬው አሶሳ ድረስ ሄዶ ኡስታ ጆሮ ገባ። ሽማግሌ ሆኗል ያን ጊዜ። በአንድ ሹፌር በኩል ላከብኝ። «ወሎዬውን እንዲህ በሉት፤ የጎበጠ ዘንግ ሹፌሩን ያስጠነቅቃል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። አንተ ዝም እንዲል አደረግኸው። እሳት ያየ ብረት መጉበጥ ሲተው መሰበር ይጀምራል።»

እኔ ምን አልኩ? አርጅቷል አልኩ። ሱዳን ሌላ፣ እኛ ሌላ አልኩ። በኋላ ወደ አሶሳ ጋራዥ ተዛውሬ ብመለስም ሄጄ አልጠየቅሁትም፤ ካገኘሁት ይቆጣኛል ብዬ ሸሸሁት። ሳንነጋገር ሞተ። ግትር ነህ ይሉኛል ሰዎች፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ በግትርነቴ ተጠቅሜያለሁ። እዚህ ላይ አልተጠቀምኩም።

እንግዲህ ወደ በሽር ልመለስ።

ነገሩን የያዘችው የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ትዕግሥት ነበረች። ቁጣዋን በጥርሷ ይዛ ጋራዥ መጣች። የተናደደችበት ምክንያት መኪናው ታጥቦ ስለነበረ ነው። እዚያ አካባቢ የሰው ደም የነካው ብረት ሳይታጠብ አያድርም፤ ሽማግሌዎቹ ሐዋ ወደ ሐኪም ቤት እንደሄደች ከወንዙ ውኃ እየቀዱ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አጠቡት። በቅንነት ነው። ሳጅኗ ግን በቅንነት አላየችውም። ዘመዶቹ ማስረጃ አጠፉ አለችኝ፤ መቶ ጊዜም ደጋገመችው።

ኃላፊያችን ኢንጂነር ግርማ ይባላል፤ ልጅ እግር፣ ጥሩ ሰው፣ መኪና በኮምፒዩተር የሚመረምር። ኮምፒዩተሩ ለተሰበረ ዘንግ መልስ የለውም። «ጋሽ ይመር፣ ይህ የእርስዎ ነው» አለኝ።

እኔ መጀመሪያ ትሪ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ዘቡ ምሳ ያመጣሁ መስሎት ባዶ ትሪ ሲያይ ተገረመ። በሽር ጠና ያለ፣ ረጅም ሰው ነው። በቤቱ የሚናገረው በርታ ነው፤ አማርኛው ለመንገድ የሚበቃው ነው። ትሪውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ያ ሸይባ፣ እኔ ታሰረ፣ አንተ ትጫወታለህ?» አለኝ፤ ያ ሸይባ ማለት አንተ ሽማግሌ ማለት ነው።

ኡስታ ረመዳን ያስተማረኝ ነው አልኩት። የኡስታን ስም ሲሰማ ተቀመጠ። አባቱ ያውቀው ነበር። ትሪውን ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። ቁልቁለቱን ሲወርድ እጁ ረጋ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። ከዚያ ወደ ግራ ማዞር ጀመረ። መሐል ላይ እጁ በአንድ ጊዜ ቀለለ፤ የሚገፋውን በር ከውስጥ እንደከፈቱበት ሰው። ቀጥሎ ትሪው በመዳፉ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እሱም እየጨመረ፣ እየጨመረ አዞረ።

«እኔ መሪ አዞረ። አንድ ጎማ ሰማ፣ አንድ ጎማ እምቢ አለ። እኔ ፍሬን ረገጠ። ድንጋይ መጣ» አለ። ዓይኑን ሲከፍት ላብ አጥምቆታል።

ያን መንቀጥቀጥ ማንም አይፈጥረውም። ዘንግ ተሰብሮ አንዱ ጎማ በራሱ ሲወዛወዝ ነው መሪ እንደዚያ የሚንቀጠቀጠው። አወቅሁ። ግን የእጅ ምስክርነት ለኔ እንጂ ለዳኛ አይሆንም። እየሮጥኩ ነው ጋራዥ የተመለስኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ።

መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጠበቀኝ። የተመታው ቀኙ ነበር፣ እኔ በግራ ገባሁ። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተንሸራተትኩ፤ መብራቱን ዘንጉ ላይ አደረግኩ። ዘንጉ በቀኝ ጫፉ በኩል ተሰብሯል። ዘንጉ ላይ ደግሞ ፌሮ አለ። ስብራቱ ያለው ልክ ፌሮው ከተበየደበት ቀጥሎ ነው።

እኔ ግራኝ ነኝ። ስበይድ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምሄደው፤ ስጨርስም እጄን መለስ ስለማደርግ መጨረሻው ላይ እንደ ውሻ ጅራት የተቆለመመ ጠብታ ይቀራል። እዚህ አገር እንደዚያ የሚበይድ ሌላ ሰው አላየሁም። ጅራቱ ከፊቴ ነበር። መኪናው ዱሮ ማንኩሽ ይሠራ የነበረ መኪና ነው፤ በሽር ከሌላ ሰው ነው የገዛው። ፌሮውን ጭራሽ ማን እንዳሰረው አያውቅም።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ ይመር፣ ተኙ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ የማውቀው ሰው አግኝቼ ነው» አልኩት።

ወጣሁ። ሳጅኗ ደርሳ ነበር። የተሰበረውን ፊት በመብራት አሳየኋት። የድሮ ስንጥቅ ውስጡ ይጠቁራል፤ አዲስ ስብራት እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ዘንጉ ቀድሞ ተሰንጥቆ ከነበረ ከፊሉ ጥቁር ከፊሉ ብሩህ መሆን ነበረበት። ግን ውኃውና የክረምቱ ዝናብ አንድ ላይ ሆነው ፊቱን በሙሉ ቀይ ዝገት አልብሰውታል። ጥቁር የለ፣ ብሩህ የለ።

«ስለዚህ አይታወቅም» አለች ሳጅኗ፤ ወረቀቷንም ማጠፍ ጀመረች። አይታወቅም ብላ ከሄደች በሽር ቀረ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ፌሮው ሁለት ጫፍ አለው! በሁለቱም ጫፍ እሳት ገብቷል። ቀኙ ከተሰነጠቀ ግራው ለምን ይተርፋል? ያልተመታው ወገን እኮ ነው፣ ውኃውም ከላይ አልፎ ነው እንጂ ውስጡ አልገባም። ሳጅኗን በትከሻዋ ይዤ ቁጭ በይ አልኳት፤ ፖሊስ መሆኗን ረስቼ።

ዘንጉን ፈትተን አወጣነው። በግራው ብየዳ አጠገብ ቀለሙን ፋቅሁና በላምባ አጠብኩት፤ ላምባው የሚገባበት ካለ እንዲገባ ቆየሁ። ከዚያ በጨርቅ ደረቅ እስኪል ጠረግሁ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ካለው ጥቁር ሰሌዳ ሥር ነጭ ጠመኔ አነሳሁና ቦታውን ነጭ እስኪሆን ቀባሁት። በመዶሻ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረግሁ። «አሁን ተመልከቱ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ምንም የለም። ኢንጂነሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት ነጩ ላይ አንድ እርጥብ ነጥብ ወጣች። ነጥቧ ረዘመች። እንደ ፀጉር ቀጭን ሆና ዘንጉን ግማሽ ድረስ ዞረችው። ስንጥቁ የጠጣውን ላምባ እያላበ ነው። ሳጅን ትዕግሥት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች።

«ይህም በግጭቱ የመጣ ሊሆን ይችላል እኮ» አለች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ትክክል ነው የጠየቀችው።

«እንስበረውና እንየው» አልኳት። ሞርሳ ላይ አሰርኩት፤ በትልቁ መዶሻ መታሁ። በሦስተኛው ለቀቀ። ሁለቱን ፊት ወደ ብርሃን አዞርኩላት። ግማሹ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፣ ውስጡ የገባ የቆየ አቧራና ቅባት አለበት፤ ግማሹ አሁን የሰበርኩት ነው፣ እንደ ብር ያበራል። መካከላቸው በቢላ የተሰመረ ይመስላል። ግጭቱ ከደረሰ ገና ሳምንት አልሞላውም። አቧራ በሳምንት እዚያ ጥልቅ አይገባም። ዘንጉ ለብዙ ወራት እየተሰነጠቀ ነበር፤ በሽር ቁልቁለቱን ሳይወርድ ገና ብረቱ ሞቷል። ሳጅኗ ሁለቱን ስብርባሪ በእጇ ይዛ ብዙ አየቻቸው። «እውነቱን ነው የተናገረው» አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ።

ያቺን ሰዓት ለምንም አልለውጣትም። ሙያ ማለት ያ ነው፤ ዝም ያለ ብረት ሲናገር መስማት።

ቀጥሎ የብየዳው ነገር መጣ። ማን እንደበየደው ይታወቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሩ ቶሎ አለና እጄን ይዞ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። ጅራቱን እሱም ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ከኔ ጋር ሠርቷል።

«ጋሽ ይመር፣ ብየዳው ጥራት የጎደለው ነው ብለን እንጽፍ። በሽር በዚሁ ይፈታል። ስም ምን ያደርጋል? ፌሮ ያላሰረ በያጅ የለም። ደግሞ ሁለት ወር ነው የቀረዎት።»

ለኔ ብሎ ነው፤ አልተቆጣሁትም። ትንሽም አሰብኩበት፣ አልዋሽም። ግን ስሙ ካልተጻፈ ሰው ሁሉ ሌላ በያጅ አበላሸው ይላል፣ የይመር ግን ደህና ነው ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። እሱን ነገርኩት። «ፌሮውን ያሳሰራቸው ስሜ ነው፤ ፌሮውን ማስፈታት ያለበትም ስሜ ነው» አልኩት።

ወጥቼ ለሳጅኗ የበየድኩት እኔ ነኝ አልኳት። በምን አወቅህ አለችኝ። ጅራቱን በጣቴ አሳየኋት።

«ፊደል ብዙ አላውቅም» አልኩ። «ይህ ግን የእጄ ጽሕፈት ነው።»

ፍርድ ቤት ከመሄዴ በፊት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐዋ እግሯ ተሰቅሎ ተኝታለች። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፌሮውን፣ እሳቱን፣ የኡስታን መልእክት፣ አለመስማቴን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከጨረስኩ በኋላ ወደ እግሯ ተመለከተች።

«እነዚህ ሐኪሞችም እዚህ ውስጥ ብረት አስገብተዋል» አለች። «አንተ አይደለህም አይደል የበየድከው?»

አይደለሁም አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ጎረቤቷ ያለችው በሽተኛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ማልቀስ ነው የቃጣኝ። ከዚያ ማንጎው እንዳለቀ፣ አሁን ማሽላው የሚታረምበት ጊዜ እንደሆነ፣ ሰው እንደሌላት ነገረችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ማሽላው ይታረማል አልኳት።

ዳኛው የሁለቱን ስብርባሪ ፊት አዩ፤ ፎቶውን አዩ፤ ሳጅኗም መሰከረች። በሽር ተለቀቀ። የኔ ነገር በሽማግሌ ታየ፤ እነዚያው መኪናውን ያጠቡት ሽማግሌዎች ናቸው የተቀመጡት። ያን ክረምት የሐዋን ማሽላ እኔና ልጆቼ አረምነው፣ ሲደርስም አጨድነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ረስቼው ነበር፤ ወገቤ አስታወሰኝ።

የቀሩኝን ሁለት ወራት ፌሮ ስቆርጥ ዋልኩ። የገበያ ቀን መኪና መቆሚያው እየሄድኩ በየመኪናው ሥር እገባለሁ። አንዳንዱ ሹፌር ሰድቦ አባረረኝ። አንዱ «ራስህ አስረህ ራስህ ትፈታለህ፣ ሥራ ፈልገህ ነው?» አለኝ። ስብርባሪውን ኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው፤ ጥቁሩንና ብሩሁን ሳሳያቸው መኪናውን ራሳቸው ያቀርቡልኛል። ማንቡክና ማንኩሽ ላሉትም በሹፌር አፍ ላክሁ። የይመር ፌሮ ይውጣ፣ ያለው ይመር ነው በሉ አልኳቸው።

ሁሉ ነገር አለቀ ስል አንድ አላለቀም። በሽር አይነዳም። መኪናው አዲስ ዘንግ ገብቶለታል፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እኔው በጣቴ ፈትሻለሁ፤ እሱ ግን ቁልፉን ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ናት መጥታ የነገረችኝ። ስድስት ልጆች አሉት። ሄድኩበት። መንጃ ፈቃዱ በኪሱ አለ፣ ነጻ ሰው ነው፣ ግን ያንን ጠመዝማዛ እጁ እምቢ ብሎታል።

«አንተ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እኔ ይነዳል» አለኝ። «አንተ አልተቀመጠ፣ እኔ አይነዳም። ዘንግ ከተሰበረ አንተም እኔም።»

ትክክል ነው። ሊታመን የሚገባው እንደዚያ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ማሽላ ጭነን ከአሶሳ ወጣን። እኔ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ስንት መሪ ፈትሻለሁ፤ በራሴ ፍተሻ ላይ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ቁልቁለቱ ሲጀምር በሽር ማርሽ ቀነሰ። ጠመዝማዛው መጣ። እጁ ወደ ግራ መዞር ሲጀምር እኔ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ፍሬን የሌለበት ቦታ ረግጫለሁ። ድንጋዩ በቀኝ በኩል መጣ፣ ቀረበ፣ አለፈ። ድልድዩን ተሻገርን።

«ፈራህ?» አለኝ።

«ፈራሁ።»

«እኔም» አለና እስኪያስለው ሳቀ።

ትንሽ እንደሄድን ሁለት መምህራን ሻንጣ ይዘው እጃቸውን አነሱ። በሽር አቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሸይባ፣ ውረድ። ጋቢና ለሚከፍል ሰው ነው።»

«እኔስ?»

«አንተ፣ ጭነት ላይ ውጣ። ጆንያ አለ፣ ጥሩ ነው።»

ጡረተኛ ነኝ፣ ጉልበቴ አይችልም አልኩት። «መኪና ሥር ስትገባ ጉልበት አለ፣ መኪና ላይ ስትወጣ ጉልበት የለም?» አለኝ። መምህራኑ ሽማግሌ እንዴት ይወርዳል ብለው ሊከራከሩ ሲሉ እኔው ዝም አሰኘኋቸው። ወጣሁ። ማሽላው ላይ ተዘረጋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መኪናን ከሥሩ ነበር የማውቀው፤ ከላዩ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። በሽር ማርሽ ቀየረና ለቀቀው። የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞት ሄደ። ቁም ብዬ ጋቢናውን በመዳፌ ደበደብኩ። በሽር ሰምቷል፤ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋና መንገዱን ቀጠለ።